ከደሴ ሁለት ጊዜ ስወጣ የኪራይ ቤቴን ምን አደረግሁት?

ሰሞኑን ሁለት ልጆች በተለያየ ቀን ደወሉልኝ። አንዷ ደሴ ሸዋ በር፣ ሌላዋ ኮምቦልቻ ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ሁለቱም ቪዛ ወጥቶላቸዋል። የጠየቁኝም አንድ ነገር ነው፤ «ቤቱን ምን ላድርገው?»

ስለ ቲኬቱ፣ ስለ ሜዲካሉ፣ ስለ ሻንጣው ኪሎ የሚመክር ሰው ሞልቷል። ስለ ቤቱ የሚያወራ ግን ብዙም የለም። ቤቱ ትዝ የሚለን በረራው ሳምንት ሲቀረው ነው። እኔም የመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ እንደዚያ ነበር ያደረግሁት፤ ብዙ አሳጣኝ። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ሌላ መንገድ ሄድኩ። ለሁለቱ ልጆች በስልክ የነገርኳቸውን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው።

እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። ደሴ ሆጤ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቼ አምስት ዓመት ኖሬያለሁ። የቤቱ ባለቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። እማማ ነው የምላቸው። ግቢው ውስጥ ሦስት ተከራዮች ነበርን። ውሃው ከአንድ ሮቶ፣ መብራቱ ከአንድ ቆጣሪ። በረመዳን እማማ ከማፍጠሪያቸው ሳምቡሳ ይልኩልኛል። በፋሲካ እኔ ድፎ ዳቦ እወስድላቸዋለሁ። ውል ብለን የጻፍነው ወረቀት አልነበረንም። ወር ሲደርስ 1,800 ብር በእጃቸው እሰጣለሁ፤ እሳቸውም ፊቴ ቆጥረውት አያውቁም።

በ2012 መስከረም ላይ ዱባይ አንድ ፀጉር ቤት ሥራ አገኘሁ። ኮንትራቱ የሁለት ዓመት ነው። ከፊቴ የነበሩት መንገዶች ሦስት ናቸው። ቤቱን ዘግቼ ኪራዩን ከዚያ እየላክሁ መቆየት፣ ለሰው ትቼ መሄድ ወይም አስረክቤ መውጣት።

ማስረከቡን ላስበውም አልፈለግሁም። አሁን ወደኋላ ሳየው ጉዳዩ የገንዘብ አልነበረም። ቤት አለኝ ማለት ነው የፈለግሁት። ሰው አገር ላይ ሆኖ «ቤቴ ደሴ ነው፤ ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው» ማለት ያጽናናል። ይህን ስሜት አሁንም አልንቀውም። የሚሄድ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ግን ስሜቱ ብቻውን ኪራይ አይከፍልም።

ዘግቶ መሄዱን ደግሞ ፈራሁት። ሒሳቡን ሠራሁ፤ 1,800 ብር በ24 ወር 43,200 ብር ነው። ከብሩ በላይ ያስፈራኝ ግን የጎረቤታችን ቤት ነበር። ሰውየው አንድ ዓመት ቤቱን ቆልፎ ሄዶ ሲመለስ ዕቃውን ለማውጣት ረድቼዋለሁ። ደሴን የሚያውቅ ያውቃል። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ከወረደ፣ ሐምሌና ነሐሴ የታጠበ ልብስ ሳምንት አይደርቅም። ሰው እየኖረበት፣ ምድጃ እየነደደበት እንኳን ግድግዳው ያልባል። የተዘጋ ቤት ደግሞ አስቡት። በሩን ስንከፍት ሽታው ገፋን። ፍራሹን ብናነሳው ሆዱ በሙሉ አረንጓዴ ሆኗል፤ አልጋው ላይ ተጣብቆ ሲላቀቅ እንደ ወረቀት ተቀደደ። ኮርኒሱ አንድ ጥግ ላይ ረግቧል። ከላይ አንድ ቆርቆሮ ምስማሩ ላልቶ ኖሯል፤ ሰው ቢኖርበት በአንድ ቀን የሚስተካከል ነገር ነው። ሰውየው ያንን ሁሉ ወር ኪራይ የከፈለው ለሻጋታ ነበር።

ስለዚህ መሃለኛውን መረጥኩ። ለሰው መተው።

ቤቱን የተውኩለት ሰው የአክስቴ ልጅ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ ይማር ነበር። ከዶርም ወጥቶ ከእኔ ቤት እየተመላለሰ ይማራል፣ ኪራዩን ቤተሰቦቹ ይከፍላሉ፣ ዕቃዬም ይጠበቃል። ሁሉም ሰው ተጠቀመ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። አክስቴም ደስ አላት።

ለእማማ የነገርኳቸው ቡና ላይ ነው። አቦልና ቶናው አልፎ በረካው ተቀድቷል። ነገሩን ጨርሼ እስክናገር ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለሱና «ልጄ፣ ቤቱን ያከራየሁት ላንቺ ነው። ልጁን አላውቀውም። አንቺ ካልሽ ግን እኔ ምን እላለሁ? አላህ ይቅናሽ» አሉኝ።

«ምን እላለሁ» ያሉትን እንደ እሺታ ወሰድኩት። እሺታ አልነበረም፤ ይሉኝታ ነበር። እዚሁ ወሎ ተወልጄ አድጌ ልዩነቱ ይጠፋኛል ብዬ አልዋሽም። ቲኬቱ ተቆርጧል፣ ሌላ መልስ መስማት አልፈለግሁም። ለዚህ ነው አሁን ለሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የምለው፤ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አከራያችሁን አነጋግሩ። የመጨረሻው ሳምንት ላይ የሚጠየቅ ሰው እውነተኛውን መልስ አይሰጥም።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ደህና ሄደ። ለስድስት ወር ያህል ልጁ ኪራዩን ከፈለ። መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ገባ። ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ። ልጁ ቤቱን ቆልፎ ተንታ ወላጆቹ ዘንድ ሄደ። የኔም ፀጉር ቤት ዱባይ ላይ ተዘግቶ ደመወዝ ቆመ። እሱ «እኔ እዚያ የለሁም፤ ቤቱ የሷ ነው፣ እሷ ትከፍላለች» ብሎ አሰበ። እኔ «እሱ ነው ያለበት» ብዬ አሰብኩ። እማማ ደግሞ ሁለታችንንም መጠየቅ ከበዳቸው። አምስት ወር እንደዚህ አለፈ። 9,000 ብር። ለኛ ግቢ ትልቅ ገንዘብ ነው። እማማ የሚኖሩት በዚያ ኪራይ ነበር። ለመድኃኒታቸው ጭምር።

ያን ጊዜ ማን እንደነገረኝ አልረሳም። ሦስተኛዋ ተከራይ ናት፤ ደውላ «እማማ ምንም አይሉሽም። እኔ ግን ልንገርሽ» አለችኝ። ስልኩን ስዘጋ ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። ተበድሬ ላክሁ።

ልጁ ትምህርት ሲጀመር ተመለሰ። ሁለት ጓደኞቹን አስገባ። እኔንም እማማንም አላስፈቀደም። ሦስት ወጣቶች አንድ ሮቶ ላይ ሲጨመሩ ግቢው ውስጥ ያለው የውሃ ጉዳይ ምን እንደሚሆን ደሴ የኖረ ይገምተዋል። እሱን አሁን አልወቅሰውም። ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። ምን እንደሚከፍል፣ ማንን ማስገባት እንደሚችል፣ መቼ እንደሚወጣ አንድም ነገር አልነገርኩትም። ዝምድናውን እንደ ውል ቆጠርኩት። ከሱ ጋር ከአንድ ዓመት በላይ ተኮራርፈናል። አክስቴን ስልክ ለመደወል ሁለት ጊዜ አስቤ ነበር የምደውለው። ከ9,000 ብሩ ይልቅ ይህ ነው የጎዳኝ።

ነሐሴ 2013 ላይ ደግሞ የእማማ ሴት ልጅ ከሁለት ልጆቿ ጋር ከባቲ ተመልሳ መጣች። ትዳሯ ፈርሶ ነው። የአክስቴ ልጅ ተመርቆ ወጥቷል፣ ቁልፉ ግን አሁንም እሱ ዘንድ ነው። የኔ ቁም ሳጥን፣ አልጋ፣ ፍሪጅና የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሁለቱን ክፍል ሞልተዋል። የቤቱ ባለቤት ልጅ እናቷ ሳሎን ውስጥ መሬት ላይ ልጆቿን ይዛ ትተኛለች፤ የኔ ዕቃ ከጎኗ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተንደላቆ ተቀምጧል። ይህን ስሰማ ነው ነገሩ የገባኝ። ቤት ለመመለሻ ብዬ አስቀመጥኩ ስል የሰው ቤት ይዤ ነበር።

እህቴ ዕቃውን እንድታወጣልኝ ፈለግሁ። እማማ «የሰው ዕቃ ያለ ወረቀት አልነካም፤ ነገ ጠፋ ቢባልስ» አሉ። ልክ ናቸው። ስለዚህ ውክልና መላክ ነበረብኝ። ውክልና ከውጭ አገር ስትልኩ ቆንስላ ሄዳችሁ ታስጽፋላችሁ፣ ወረቀቱ አገር ቤት ይላካል፣ ከዚያ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ዕረፍቴ በሳምንት አንድ ቀን ነበረች፤ ያቺም ቆንስላው የሚዘጋበት ቀን ላይ ትውላለች። እያልኩ እያልኩ መስከረም አለፈ።

ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴ ደረሰ። ስልክ ተቋረጠ። እስከ ህዳር መጨረሻ ድረስ ስለ እናቴም ስለ እማማም ምንም አላወቅሁም። ስልኩ ሲመለስ የቤቴ በር ተሰብሮ ቴሌቪዥኑ፣ ምድጃውና ካስኩ መወሰዳቸውን ነገሩኝ። ሰው ባለቀበት ጊዜ ስለ ካስክ ማውራት ነውር ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ አልቆይም። እማማ ሸሽተው፣ ተርበው፣ በሰላም ተመልሰዋል። ለነዚያ ወራት ኪራይ ልላክ ስላቸው «ያን ጊዜ ኪራይ የለም» ብለው አልቀበል አሉ።

መጋቢት 2014 ላይ ተመለስኩ። ከእማማ ጋር በሽማግሌ ፊት ተቀምጠን ሒሳቡን ጨረስን። ይቅር ተባባልን። ሁለቱን ክፍል ለልጃቸው ለቅቄ እዚያው ግቢ ባዶ የነበረችውን ሌላዋን ቤት ተከራየሁ። 3,500 ብር።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «አየሽ፣ የድሮውን ኪራይ ብትይዢው ይሻልሽ ነበር» ሊለኝ ይችላል። ብዙ ሰው ቤቱን የማይለቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስመለስ በዚህ ዋጋ አላገኝም ብሎ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በአሮጌውና በአዲሱ ኪራይ መካከል ያለው ልዩነት በወር 1,700 ብር ነው። ለሁለት ዓመት ባዶ ቤት የምከፍለው 43,200 ብር ነው። ያንን ብር በልዩነቱ ለመመለስ ከተመለስኩ በኋላ ከ25 ወር በላይ እዚያው ቤት መኖር አለብኝ። ያውም አከራዩ በመሃል ኪራይ ካልጨመረ። እናንተም በራሳችሁ ቁጥር እንዲህ ሞክሩት። ለጥቂት ወር የሚሄድ ሰው ቤቱን ቢይዝ ያዋጣዋል። ለሁለት ዓመት የሚሄድ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣውም።

በቅርቡ የመጣ አንድ ፈተናም አለ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዲርሃም ከ16 ብር አካባቢ ተነስቶ በወራት ውስጥ ከ30 ብር በላይ ሆኗል። እኔ ለሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ኪራዬ 5,000 ብር ደርሶ ነበር። በዲርሃም ሲመታ 150 አይሞላም። «ይህችን ማን ያጣታል» ያሰኛል። ግን ያቺ 150 ዲርሃም እዚያ አገር የአልጋ ኪራይና የታክሲ ናት። ወር በመጣ ቁጥር ላኪ መሆን ደግሞ ራሱን የቻለ ሸክም ነው። አንድ ወር ያመለጣችሁ እንደሆነ ሁለተኛው ይከብዳል፤ ከዚያ ስልክ ማንሳት ትፈራላችሁ። እኔ በዚያ ውስጥ አልፌያለሁ።

ቤታችሁን መያዝ ያለባችሁስ መቼ ነው? የትዳር ጓደኛችሁ ወይም ልጆቻችሁ እዚያው የሚቀሩ ከሆነ ያዙት፤ ይህ ጥያቄም የለው። ሥራው ሙከራ ከሆነና ሦስትና አራት ወር ቆይታችሁ ልትመለሱ የምትችሉ ከሆነም ያዙት። ከነዚህ ውጭ ሰው እንዲገባበት ከፈለጋችሁ ስሙም አብሮ ይዛወር። የሚገባው ሰው ራሱ ከአከራዩ ጋር በራሱ ስም ይዋዋል፤ እናንተ ከመሃል ውጡ። ወንድማችሁም ቢሆን። «በኔ ስም ይሁን፣ እሱ ይኑርበት» የሚባለው ነገር ነው ቤተሰብ የሚያጣላው። ቁልፉ ለሱ፣ ዕዳው ለናንተ፣ ሐሜቱ ለአከራዩ ይሆናል።

የቀበሌ ቤት የያዛችሁ ደግሞ ነገሩ የተለየ ነው። በሐምሌ 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ፣ ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ናቸው ቀበሌ እጅ የገቡት። ኪራያቸው አሁንም ከግል ቤት ጋር አይወዳደርም፤ ለዚህ ነው ማንም ሊለቃቸው የማይፈልገው። አንድ የሰፈራችን ሰው ቤቱን ለሌላ ሰው በውድ አከራይቶ ሄደ። ጎረቤት ጠቆመ፣ ቀበሌው ውሉን አቋረጠ፣ አብራው ትኖር የነበረች እህቱ ሜዳ ላይ ቀረች። በቤቱ ቅጽ ላይ ስሟ ቢመዘገብ ኖሮ መከራከሪያ ይኖራት ነበር። ስለዚህ የቀበሌ ቤት ያላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ቀበሌ ሂዱና ማን ተመዝግቦ እንዳለ አይታችሁ እዚያው ተነጋገሩ። ደብቃችሁ አታከራዩ። ቤት የሚያስፈልገው ሰው ወረፋ ላይ ቆሞ እያየ ያንን ማድረግ በራሱም ልክ አይደለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዞዬ ልምጣ።

ጥር 2017 ላይ ዱባይ ተመለስኩ። የዚህኛው መመለሻ ቀን አይታወቅም። ቤቱን ለማስረከብ የወሰንኩት በመጀመሪያው ቀን ነው፤ አላመነታሁም። በህዳር፣ ሁለት ወር ቀደም ብዬ ለእማማ ነገርኳቸው። በቃልም በጽሑፍም። በዚህኛው ጊዜ የጽሑፍ ውል ነበረን። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። የናንተም ውል የተመዘገበ ከሆነ አውጡና አንብቡት። ስለ መልቀቂያ ማስጠንቀቂያ የተጻፈውን ካላከበራችሁ ቅድሚያችሁ ላይ ጥያቄ ይነሳል። ስትወጡም ውሉ መቋረጡን እዚያው ያስመዘገባችሁበት ቢሮ ንገሩ፤ በስማችሁ ተንጠልጥሎ አይቅር።

እማማ ሁለት ወር አግኝተው ደስ አላቸው። ተከራይ ራሳቸው መረጡ። አንዲት ነርስ ናት፤ እኔ ሳልወጣ መጥታ ቤቱን አየች፣ መጋረጃዎቼን ገዛችኝ።

ዕቃውን የመለየቱ ሥራ ከሁሉም ይከብዳል። ሰው ዕቃውን ሲያይ ዋጋውን ሳይሆን ትዝታውን ነው የሚያየው። እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁ፤ ይህ ዕቃ ሁለት ክረምት ይችላል ወይ? የማይችለውን ሸጥኩ ወይም ሰጠሁ። ፍራሹን ሸጥኩት። ያንን አረንጓዴ ፍራሽ ካየሁ በኋላ ፍራሽ አላስቀምጥም። ምንጣፉ ለእማማ ልጅ ሄደ። የኤሌክትሪክ ምጣዱን ለሦስተኛዋ ተከራይ ሰጠኋት፤ ያን ጊዜ ደውላ ባትነግረኝ ኖሮ ዕዳው የት በደረሰ። ለመሸጥ የመጨረሻውን ሳምንት አትጠብቁ። ገዢ የበረራችሁን ቀን ካወቀ ዋጋውን ራሱ ነው የሚቆርጠው። እኔ ቁም ሳጥኑን ወር ቀደም ብዬ ስለሸጥኩ በፈለግሁት ዋጋ ሄደልኝ፤ ልብሴን ካርቶን ውስጥ አድርጌ ከረምኩ።

የቀረውን አይሱዙ ላይ ጭኜ ሐይቅ ከተማ፣ እናቴ ቤት ወሰድኩት። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አልጋው የእንጨት ነው፤ ፈታታሁት። ቡሎኖቹን በሙሉ አንድ ካልሲ ውስጥ ከትቼ ካልሲውን ራስጌው ላይ አጥብቄ አሰርኩት። ቡሎን ለብቻው የተቀመጠ እንደሆነ አልጋውም ጠፋ በሉት። ፍሪጁን ከሶኬት ነቅዬ ሁለት ቀን በሩን ከፍቼ አደረቅሁት። ከዚያ በሩ እንዳይገጥም ጨርቅ ጠቅልዬ መሃሉ ላይ አስገባሁና ጨርቁን በገመድ አሰርኩት። ተዘግቶ የከረመ ፍሪጅ ሽታው አይለቅም። ሁሉንም መሬት ሳላስነካ ጣውላ ላይ ደረደርነው፤ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር አራቅነው። እናቴ ከዕቃዬ ውስጥ የምትፈልገውን እንድትጠቀምበት ነገርኳት። የሚያገለግል ዕቃ ተሸፍኖ ከሚከርም ቢሠራበት ይሻላል፤ እሷም የሰው አደራ ጠባቂ ሆና አትጨነቅም።

ውክልናውን ለእህቴ ከመሄዴ በፊት አስጻፍኩ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። «ጠቅላላ ውክልና ሰጥቻለሁ» ብላችሁ አትመኑ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚለው በጠቅላላ የተሰጠ ውክልና የሚያገለግለው ለማስተዳደር ሥራ ነው። ክስ ለማቅረብ፣ ለመከራከር፣ ለመታረቅ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ ማድረግ የሚችለውን እያንዳንዱን ነገር በስሙ አስጽፉ። ቤት ማስረከብ፣ ቅድሚያ መቀበል፣ ዕቃ ማውጣት፣ ዕቃ መሸጥ፣ መከራከር፣ መታረቅ። አንድ መስመር መጨመር አገር ቤት ሆኖ ቀላል ነው፤ ከውጭ ሆኖ ያቺኑ መስመር መጨመር ወራት ይፈጃል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ቅሬን፣ የወሎውን ዕድር ነው። ቤት ለቀቅሁ ብላችሁ ቅሬያችሁን አታቋርጡ። እኔ የመጀመሪያውን ጊዜ ዝም ብዬ ሄጄ ከመዝገብ ተሰርዤ ነበር። ከተመለስኩ በኋላ እንደ አዲስ መግቢያ ከፍያለሁ። በሁለተኛው ጊዜ የቅሬውን ዳኛ አነጋገርኩ፣ የዓመቱን መዋጮ ቀድሜ ከፈልኩ፣ ለቅሶ ሲሆን በኔ ፋንታ እህቴ እንድትቆም አስመዘገብኩ። ቤቱ ቢሄድም ሰፈሩ አለኝ። ያ «ቤቴ ደሴ ነው» የሚለው ስሜት የሚጠበቀው በባዶ ቤት ሳይሆን በዚህ መሰለኝ። ሰው ሲሞት ስሜ ይጠራል፣ እናቴ ብትታመም ሰው ይመጣል።

የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ ነበር። ቤቱን አጥቤ፣ ግድግዳው ላይ የነበሩትን ምስማሮች ነቅዬ እማማን ጠበቅኋቸው። ከእማማ ጋር ክፍል በክፍል እየዞርን በስልኬ ቪዲዮ አነሳሁ። «እኔና አንቺ ደግሞ ቪዲዮ!» ብለው ነበር መጀመሪያ። በኋላ ግን ራሳቸው «ይቺን የመስኮት ስንጥቅ አንሻት፤ ድሮም ነበረች» እያሉ አሳዩኝ። ቆጣሪውን አብረን አነበብነው፤ ቁጥሩን ጻፍነው። ከዚያ ወረቀቱን አወጣሁ። እንዲህ ይላል፤ «ከዛሬ ጥር 17 ቀን 2017 ጀምሮ ቤቱን አስረክቤያለሁ። ቁልፍ ሁለት። የኪራይ ዕዳ የለብኝም። የጥር ወር መብራትና ውሃ ሲመጣ ከተያዘው የአንድ ወር ቅድሚያ ይቀነሳል፤ ቀሪው ለእህቴ ይከፈላል።» እኔ ፈረምኩ፣ እማማ ጣታቸውን አሳረፉ፣ ሦስተኛዋ ተከራይና አንድ የቅሬው ሰው ምስክር ሆኑ። አንድ ቅጂ ለሳቸው፣ አንድ ለእህቴ፣ ፎቶው ስልኬ ላይ።

ቡና ተፈልቷል። በዚህኛው ጊዜ በረካው ላይ እማማ ብዙ መረቁኝ። «ምን እላለሁ» አላሉም።

ዱባይ ከገባሁ በሦስተኛው ሳምንት እህቴ ደወለች። መብራትና ውሃው ተደምሮ 412 ብር መጥቷል። ቀሪውን 4,588 ብር የእማማ ልጅ በቴሌ ብር ልካላታለች።